መወጣጫውን አታስነቅሉት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልህ ከድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ባለቤቴ መምህር ነበር፤ አሁን ጡረታ ላይ ነው። ወደ ሐረር በሚወስደው የደንገጎ ዳገት ላይ በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። ከአደጋው በኋላ አሜሪካ የሚኖረው ወንድሙ ለዊልቸር ተብላ የተሠራች ቶዮታ ሲየና ላከለት። የ2008 ሞዴል ናት። በቀኝ በኩል በሩ ሲከፈት መወጣጫ ይዘረጋል። እሱ በዊልቸሩ ይገባና ወደ ሾፌሩ ወንበር ይዛወራል። ፍሬኑንም ነዳጁንም በግራ እጁ ነው የሚቆጣጠረው። ለዓመታት ትምህርት ቤት ሄዶ የተመለሰው በዚህች መኪና ነው። የገባችው በስሙ፣ ከቀረጥ ነፃ ነው።

አሁን ትከሻዎቹ ታመሙ። ሐኪሙ «ሰውነትህን በክንድህ እያነሳህ ከወንበር ወደ ወንበር መዛወሩን ተው» አለው። ስለዚህ ልንሸጣት ነው። በገንዘቡ የኤሌክትሪክ ዊልቸር ልንገዛለት፣ የመታጠቢያ ቤቱንም በር ልናሰፋለት አስበናል።

አንድ ደላላ መጥቶ አያትና «አቦ፣ ይሄን ሁሉ ብረት ማን ይፈልገዋል? መወጣጫውንም የእጁንም ነገር አስነቅሉት፣ ወንበር ግጠሙበት፣ ከዚያ እኔ እሸጠዋለሁ» አለን። እንዳለች ትሸጥ ካልን ግን ለሌላ ሲየና ከሚከፈለው ግማሹን ብቻ ነው የሚጠራው። ጣጣ እንዳይበዛባችሁ ውክልና ስጡኝም ይላል። ሐረር ደግሞ ልጃቸው ዊልቸር ላይ የሆነ ቤተሰብ ሰምተው ደውለውልን ነበር። አቅማቸው ብዙ አይመስለኝም። ምን እናድርግ?

የከዚራዋ አንባቢህ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የደላላውን ነገር እንጨርስ። አይነቀልም። ይህን የምለው ስለሚያሳዝነኝ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ስለማያዋጣ ነው።

የእናንተ መኪና በሩ ላይ ብረት የተጨመረበት ተራ ሲየና አይደለችም። እንዲህ ያለ መኪና ሲሠራ ከመሃል ያለው ወለል ተቆርጦ ይወጣና ሌላ ወለል ዝቅ ተደርጎ ይበየዳል። ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ጣሪያው ራሱን ሳይነካው እንዲገባ ነው። ለዚያ ሲባል የነዳጅ ታንከሩም፣ የጭስ ማውጫውም፣ ከታች የሚያልፉት ቱቦዎችም ቦታቸው ይቀየራል። የመሃል ወንበሮች የሚታሰሩባቸው ጉድጓዶች አብረው ጠፍተዋል። ደላላው መወጣጫውን ቢያስነቅል ወለሉ አይመለስለትም። የሚገጥመው ወንበርም ፋብሪካው ባሰበው ቦታ አይታሰርም። አንድ ቀን ግጭት ቢደርስ ያ ወንበር ከነተቀመጠው ልጅ ተነቅሎ ይሄዳል። በመጨረሻ የምታገኙት ከሁለት ያጣች መኪና ነው፤ ለቤተሰብም የማትመች፣ ለዊልቸርም የማትሆን።

የእጅ መቆጣጠሪያውማ ጭራሽ ማንንም አያስቸግርም። ከመሪው በታች በግራ በኩል ያለውን እጀታ ወደ ፊት ሲገፉት ፍሬን ይይዛል። ወደ ራስ ሲስቡት ወይም ወደ ጉልበት ሲጫኑት ነዳጅ ይሰጣል፤ ይህ እንደ አሠራሩ ይለያያል። ከእጀታው የሚወርዱት ዘንጎች የሚገፉት ያንኑ የእግር ፔዳል ነው። ፔዳሎቹ በቦታቸው አሉ። እግሩ ደህና የሆነ ሰው እንደማንኛውም አውቶማቲክ መኪና በእግሩ ይነዳታል። ታዲያ ለምን ይነቀላል?

«ማን ይፈልገዋል» ላለሽ እኔ ልንገርሽ። የመኪና ሥራ ሙያዬን የተማርኩት ከምድር ባቡሩ ወርክሾፕ በጡረታ የወጡ የቶርኖ ባለሙያ ሥር ነው። እኒያ ሽማግሌ ጋ አንድ ወጣት መጣ። አውቶማቲክ መኪና በስንት መከራ አግኝቷል፤ የእጅ መቆጣጠሪያ ግን ከየትም አጣ። እኛ በዚያው ሰሞን ከአንድ አሮጌ መኪና ላይ የተነቀለ እጀታና ዘንግ ቁርጥራጭ ብረት ከሚሸጡት ዘንድ አይተን ነበር። ሮጠን ስንሄድ ከሌላ ብረት ጋር በኪሎ ተጭኖ ሄዷል። ወጣቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዝም አለ። ያንን ዕቃ ያስነቀለው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ደላላ የነገረውን ነው ያደረገው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ ያለበት መኪና ሊነቀል ነው ስባል ዝም ማለት አልችልም።

በዚያ ላይ ዘመኑን አስቢው። ከ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በኋላ ያገለገለ መኪና ማስገባት ምን ያህል እንደከበደ ታውቂያለሽ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። የእናንተን መኪና የምትተካ ሌላ ሲየና ነገ ከጅቡቲ ተጭና አትመጣም። በምሥራቅ በኩል ይህችን መኪና ሲጠብቅ የኖረ ሰው አለ። ሥራው እሱን መፈለግ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ከምንም በፊት፣ ከማስታወቂያም ከዋጋም በፊት፣ ድሬዳዋ ጉምሩክ ሂዱ። ዲክላራሲዮኑን (መኪናዋ ስትገባ የተሞላውን የጉምሩክ ሰነድ)፣ ሊብሬውን፣ የመምህሩን መታወቂያና መኪናዋ ከቀረጥ ነፃ የገባችበትን ደብዳቤ ይዛችሁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ጉምሩክ ሳያውቅ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የሚፈለገው ቀረጥና ታክስ ተከፍሎ መኪናዋ ነፃ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ለማንም ትሸጣለች። ሁለተኛው፣ ተመሳሳይ መብት ላለው ሰው በጉምሩክ ፈቃድ ማስተላለፍ ነው። ሁለተኛው መንገድ ለእናንተ ትልቅ ነገር ነው። ገዢው ራሱ አካል ጉዳተኛ ከሆነና መብቱ ከተፈቀደለት ቀረጡ መሃላችሁ አይገባም። የሐረሩ ቤተሰብም በዚህ ይገባ እንደሆነ አብረሽ ጠይቂ፤ በልጁ ስም ይሁን በወላጅ፣ ምን ማስረጃ እንደሚፈለግ በጽሑፍ ተቀበይ። ይህ ሳይጣራ ቀብድ አትቀበሉ። ከቀረጥ ነፃ የገባች መኪና ያለፈቃድ ተሽጣ ከተገኘች ትወረሳለች፤ ቅጣቱም ሻጩንም ገዢውንም ያገኛቸዋል።

ውክልናውን በተመለከተ፦ አትስጡ። ደላላው በውክልና ሸጦ ገዢው ስሙን ካላዛወረ መኪናዋ በመምህሩ ስም እየዞረች ነው ማለት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 መሠረት መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ ሌላ ሰው እየነዳው ቢሆን እንኳ። የማያውቀው ሰው ጅግጅጋ መንገድ ላይ ሰው ቢገጭ ከሳሽ መጀመሪያ የሚመጣው ሊብሬው ላይ ስሙ ወዳለው መምህር ነው። ስለዚህ ሽያጩ በአካል ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይፈጸም። መምህሩ ወደ ቢሮው ለመግባት ደረጃ ካስቸገራቸው ለሠራተኞቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ወርደው እንዲያስፈርሟቸው ጠይቁ። አንቺም አብረሽ ትፈርሚያለሽ። በቤተሰብ ሕጉ አዋጅ 213/1992 አንቀጽ 68 ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ የሚንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም። የጋብቻ የምስክር ወረቀታችሁን አዘጋጂ፤ ያልያዙ ሰዎች ስንት ጊዜ ከመስኮት ተመልሰው አይቻለሁ። ገንዘቡ በባንክ ወይም በሲፒኦ (ባንክ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ይሁን። የስም ማዛወሪያውን ወጪ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። የደላላውም ኮሚሽን እንዲሁ።

ዋጋው ላይ እውነቱን ልንገርሽ፤ ደስ የማይል ክፍል አለው። በዓመቱና በኪሎሜትሩ የእናንተን የምትመስል ተራ ሲየና ድሬዳዋና አዲስ አበባ ስንት እንደምትጠራ ጠይቂ። አንድ ደላላ ብቻ አትጠይቂ፤ ጠሪዎች ሁሉ እኩል አይጠሩም። ያ መነሻሽ ይሁን። መወጣጫውና ቅየራው ውጭ አገር የመኪናዋን ዋጋ ያህል ያስወጣ ይሆናል። ያ ገንዘብ ግን እንዳለ ተመልሶ አይመጣም። ዕቃው አርጅቷል፣ መለዋወጫው እዚህ የለም፣ ወለሏም ዝቅ ስላለ ከፍ ካለው የፍጥነት መቀነሻ ላይ ትነካለች። ለተራ ገዢ ይህ ሁሉ ጉድለት ነው። ደላላው ግማሽ ያለሽ ለዚያ ነው፤ እሱ በአእምሮው የሚሸጠው ለተራ ገዢ ነው። ለሚያስፈልገው ሰው ግን ያው ዝቅ ያለ ወለል ዋናው ነገር ነው። ስለዚህ ለትክክለኛው ገዢ ከተራዋ ሲየና ባታንስ ተገቢ ነው፤ መወጣጫው በደንብ የሚሠራ ከሆነ ትንሽ ከፍ ብትልም አያሳፍርም። ቀረጡ ከተከፈለ ያ ለብቻው ይታሰባል። እንዲህ ብለሽ የመጨረሻ ዋጋሽን ከመምህሩ ጋር ተነጋግረሽ ወረቀት ላይ አስቀምጪ። በስልክ ተከራክረሽ አትውረጂ።

ከመሸጣችሁ በፊት የሚሠሩ ነገሮች አሉ። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ብናገር አትሰልቺ። ገዢው መኪናዋን ሊያይ መጥቶ መወጣጫው ግማሽ ላይ ቢቆም ሞተሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ነገሩ አለቀ።

የመወጣጫ ችግር አብዛኛው ከባትሪ ይጀምራል። የድሬ ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። በሩም፣ መወጣጫውም፣ መኪናዋን ከኋላ ዝቅ የሚያደርገው ሞተርም የሚጎትቱት ከዚያው ባትሪ ነው። ባትሪው ሲደክም የመኪናዋ ሞተር ይነሳ ይሆናል፤ መወጣጫው ግን ይንቀጠቀጣል ወይም ይቆማል። ሰው «መወጣጫው ተበላሸ» ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ባትሪው ይለካ፣ ተርሚናሎቹ ይጽዱ፣ ከባትሪው ወደ መኪናዋ አካል የሚሄደው የመሬት ገመድ ይጥበቅ። ባትሪ መቀየር ካለበት ይቀየር፤ ለዚህ የምታወጡት ገንዘብ ተመልሶ ይመጣል።

ቀጥሎ አቧራው ነው። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ የሚነሳውን ታውቂዋለሽ። ተንሸራታቹ በር የሚሄድበት ሐዲድ ውስጥ አሸዋና ጠጠር ይሞላል። በኮምፕሬሰር ይነፋ፣ በብሩሽ ይጠረግ። የመወጣጫው ማጠፊያዎችም እንዲሁ። ግሪስ አትቀቡ። ግሪስ አቧራ ሰብስቦ አሸዋ ወረቀት ይሆናል። ደረቅ የሲሊኮን ስፕሬይ ነው የሚሻለው፤ ከጠፋም ከነጭራሹ ንጹሕ ሆኖ ቢቀር ይሻላል።

ባትሪው የሚሞትበት ቀን ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ መወጣጫው በእጅ እንዴት እንደሚፈታ መምህሩ ያሳዩ። እንዲህ ያለ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ማስለቀቂያ አለው። እሳቸው የሚያውቁትን አንቺም ተማሪው፤ ለገዢው በስልክ ቪዲዮ ቅረጪለት። ብዙ ሻጭ ይህን ይዘነጋል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ደንገጎ ጫፍ ላይ በመኪናው ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል።

የእጅ መቆጣጠሪያውን እኔ እንደማየው እይው። እጀታውን ወደ ፊት ገፍተሽ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ሲይዝ እጀታው ዳሽቦርዱን መንካት የለበትም። ከነካ ፍሬኑ ገና ሳይጠብቅ ቦታ አልቋል ማለት ነው። ዘንጎቹ በእጅ ሲነቀነቁ ልቅነት መኖር የለበትም። ብሎኖቹ ሁሉ ይጥበቁ። እጀታው ሲለቀቅ ነዳጁ ወዲያው መመለስ አለበት፤ ተጣብቆ የሚቆይ ከሆነ መኪናዋ ሳትጠገን ከጊቢ አትውጣ። መሪው ላይ ያለው ክብ መያዣም በደንብ መታሰሩ ይታይ። ዊልቸሩን ወለሉ ላይ የሚያስሩት አራቱ ቀበቶዎች ፀሐይ ከመታቸውና ጫፋቸው ከተበላ አዲስ ይግቡ። እነዚህ ቀበቶዎች ወንበሩን ነው የሚይዙት፤ ሰውየው የራሱ የደረትና የወገብ ቀበቶ ያስፈልገዋል። ለሐረሩ ልጅ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። እሱ የሚቀመጠው ዊልቸሩ ላይ ሆኖ እንጂ እንደ መምህሩ ወደ መኪናው ወንበር ተዛውሮ አይደለም።

ስለዚህ ቤተሰቡን ከነልጁና ከነዊልቸሩ ድሬዳዋ ጥሪያቸው። በስልክ አይሆንም። ልጁ ዊልቸሩ ላይ ተቀምጦ ከመሬት እስከ ራሱ ስንት ሴንቲሜትር ነው? የበሩ ከፍታ ከዚያ ይበልጣል? ልጁ እያደገ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላስ? የዊልቸሩ ስፋትና ከእግር ማሳረፊያው ጋር ያለው ርዝመት ስንት ነው? ውስጥ ገብቶ መዞር ይችላል? የኤሌክትሪክ ዊልቸር ከሆነ ብቻውን ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ የልጁ ኪሎ ይጨመርበትና መወጣጫው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ከተጻፈው ክብደት ጋር ይነጻጸር። ደግሞ መወጣጫው ሲዘረጋ ከመኪናዋ ጎን ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ጀጎል ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ ያ ቦታ በየጠባቡ መንገድ አይገኝም። መሃሉ ላይ ወዳለው አደባባይ፣ ፈረስ መጋላ ድረስ በመኪና ይገባሉ፤ ከዚያ ቤታቸው በዊልቸር ይደርሳል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ቤታቸው ከጀጎል ውጭ ከሆነ ቀላል ነው። ከዚያም አባትየው እየነዳ፣ ልጁ ታስሮ፣ እስከ ደንገጎ ወጥተው ይውረዱ። ዳገቱ ላይ ሞተሩን፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ያያሉ። ልጁ ጠመዝማዛው ላይ ወንበሩ ሲወዛወዝበት ፊቱን ያየ አባት ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ዋጋ ላይ ልብሽ ቢራራ አልወቅስሽም። ግን አንድ ነገር ልበል። የመምህሩ ትከሻ ገንዘቡን ይፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ዊልቸሩና የመታጠቢያ ቤቱ በር ቅንጦት አይደሉም። ለእነዚያ የሚበቃውን ለይተሽ ያዢ። ከዚያ በላይ ያለው ላይ ቅናሽ ማድረግ ከፈለጋችሁ የእናንተ ፈንታ ነው። በከፊል ክፍያ ከተስማማችሁ የክፍያው ቀን ውሉ ውስጥ ይግባ። በቃል አይሁን፤ ሰውየው ጨዋ ስለሆነ ብቻ አይደለም ነገሮች የሚሳኩት።

የሐረሩ ካልሆነ ማስታወቂያ ትለጥፊያለሽ። መጋላ ሰፈር ያሉ ደላሎች ጋ ብቻ አይደለም፤ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ቢሮ፣ የተሃድሶ ማዕከልና የሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል በር ላይም። የቴሌግራም የመኪና ገጾች ላይም ይውጣ። እንዲህ ብትጽፊው እመርጣለሁ፦

«የሚሸጥ ለዊልቸር የተሠራች ቶዮታ ሲየና። የ2008 ሞዴል፣ አውቶማቲክ፣ ቤንዚን። በቀኝ በር በኩል በኤሌክትሪክ የሚዘረጋ መወጣጫ አላት፤ በእጅም ይፈታል። የበሩ ከፍታ ይህን ያህል፣ የመወጣጫው ስፋት ይህን ያህል ሴንቲሜትር። ፍሬንና ነዳጅ በግራ እጅ፤ በእግርም ትነዳለች። የሾፌሩ ወንበር ወደ ጎን ይዞራል። የቀረጥ ሁኔታ ይህ ነው። የማይሠራ ነገር ካለ እዚህ ተጽፏል። ድሬዳዋ ከዚራ ቀርቦ ማየት ይቻላል። ዊልቸራችሁን ይዛችሁ ኑ።»

ባዶዎቹን በሜትር ለክተሽ ሙዪ። ፎቶው መወጣጫው ተዘርግቶ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ እጀታውም በቅርብ ታይቶ ይነሳ። የተራ መኪና ፎቶ ከፊት ለፊት ብቻ አንስቶ መለጠፍ ለዚህች መኪና አይሆንም። ገዢዋ የሚያየው ፊቷን አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ሐረር ሸዋ በር ነው። በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ ሁለቱም እግሮቼ አይሠሩም። እስካሁን ባለሦስት እግር ሞተር ነው የምነዳው። አንድ ዘመዴ ቪትዝ ሊሸጥልኝ ነው፤ ማንዋል ናት። የሰፈሬ በያጅ «ብረት ስጠኝ፣ የእጅ ፍሬንና ነዳጅ እሠራልሃለሁ» ይላል። ላሠራው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ቦታ ላይ «አይ» እልሃለሁ።

አንደኛ፣ ማንዋል አይሆንም። አንድ እጅህ መሪ ላይ ነው፣ ሌላው ፍሬንና ነዳጅ ላይ። ፍሪሲዮኑንና ማርሹን በምን ልታደርግ ነው? ዘመድህን አመስግነህ አውቶማቲክ ፈልግ። አውቶማቲክ ቪትዝ በአገራችን ብዙ አለ፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ።

ሁለተኛ፣ የሰፈር በያጅ። በእጁ ሥራ ላይ ክፉ አልናገርም፤ በር ቢሠራልህ አምነዋለሁ። ፍሬን ግን ሌላ ነው። ድንገት ሲያዝ ሰው በድንጋጤ ሙሉ ክብደቱን ነው የሚጥልበት። ከውሃ ቧንቧ የተቆረጠ ዘንግ እዚያ ሰዓት ይታጠፋል፤ ብየዳው ይለቃል። በተለይ ከሐረር ወደ ድሬ ስትወርድ ያ ሰዓት አንድ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ፋብሪካ የተሠራ ዕቃ ፈልግ። ዘንጎቹ ለመኪናው ርዝመት የሚስተካከሉ ስለሆኑ ከሌላ አውቶማቲክ መኪና ላይ የወጣ ደህና ዕቃ ብታገኝ እንኳ ብዙውን ጊዜ ይገጥማል። ገጣሚው ፔዳሉ ላይ በብየዳ ሳይሆን በማሰሪያው እንዲያስረው ንገረው። የአየር ባጉ ያለበትን ቦታ እንዳይሸፍን ተመልከት። ከተገጠመ በኋላ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በዝግታ ጀምር፤ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ገፍተህ እጀታው የት እንደሚቆም እይ። መንጃ ፈቃድህንም በምትነዳው መኪና ልክ አስተካክል፤ የሞተሩ ለመኪና አይሆንም።

ከላይ የጻፈችውን እህት መኪና እንደምታስብ አውቃለሁ። ለአንተ ትልቅ ናት፤ ወጪዋም ብዙ ነው። አንተ ራስህን አንሥተህ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፣ ዊልቸርህም የሚታጠፍ ከሆነ ቪትዝ ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው። ማኅበራችን ከኋላ ሊፍት ያለው ሚኒባስ አለው። ጠዋት ጥሩ ይሠራል። ቀትር ላይ ሁለት ሰው አውርዶ ሦስተኛው ላይ ይቆማል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሱ ይነሳል። ምንድን ነው?

መልስ፦ የሊፍቱ ሞተር ሲግል የሚቆርጥ መከላከያ አለው፤ እሱ ነው የቆረጠው። ሥራውን እየሠራ ነው፤ አታልፉት፣ ሽቦ አታገናኙበት። ለምን ከሚገባው በላይ እንደሚግል ነው መፈለግ ያለባችሁ። ከባትሪው እስከ ሊፍቱ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ጫፎች አስከፍቱ፤ ዝገት ወይም ልቅነት ካለ ሞተሩ ሲደክም ይግላል። የሃይድሮሊክ ዘይቱ መጠንም ይታይ። እስኪጠገን ድረስ የመኪናውን ሞተር ሳታጠፉ ሊፍቱን ተጠቀሙ፣ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሙ፣ በሁለት ሰው መካከል ጥቂት ደቂቃ አሳርፉት። የእጅ ፓምፑ ዘንግ መኪናው ውስጥ መኖሩንም ዛሬውኑ አረጋግጡ። ብዙ ቦታ ዘንጉ ለሌላ ሥራ ተወስዶ ይጠፋል፤ ሰው ግን ሊፍቱ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።